ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄ በትንሽ ጭረት ደሙ አልቆ ይሞትብኛል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 3 ዓመቱ ነው፤ 14 ኪሎ ይመዝናል። መዳህ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ትንሽ ሲነካው ገላው ይበልዛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ወድቆ ጉልበቱ አበጠ፤ እያሸሁ ኢቡፕሮፌን ሰጠሁት፣ እብጠቱ ግን አልጎደለም። ወንድሜ በልጅነቱ ጥርሱን ተነቅሎ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። ችግሩ ከእኔ የመጣ ይሆን? ልጄስ በትንሽ ጭረት ይሞትብኛል?

መልስ፦ በጭረት አይሞትም። እንቅልፍ የነሳዎት ይህ ስለሆነ አስቀድሜ እሱን ልመልስ። የነገሩኝ ሁሉ ሂሞፊሊያን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፕሮቲን የሚጎድልበትን በሽታ፣ በጣም ይመስላል። በሂሞፊሊያ ደም ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይፈስም፤ የሚፈሰው ለረዥም ጊዜ ነው። የቆዳ ጭረትን መጀመሪያ የሚደፍኑት ፕላትሌቶች የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በዚህ በሽታ ደህና ናቸው። የጎደለው ድፍኑን የሚያጠነክረው ፋክተር የሚባለው ፕሮቲን ነው። ጭረቱን በንጹህ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳይገልጡ ተጭነው ይያዙት፤ ይበቃዋል።

የሚያሰጋው የማይታየው ደም ነው፤ ከሁሉም በላይ የጭንቅላት። ልጁ ጭንቅላቱ ከተመታ፣ እየሳቀ ቢጫወትም፣ እብጠት ባይታይም፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። ደሙ ራስ ቅል ውስጥ በዝግታ ስለሚጠራቀም ምልክቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው። ማስመለስ፣ ያለወትሮ መተኛት፣ መነጫነጭ፣ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፦ እነዚህን እያዩ ለመወሰን አይጠብቁ፤ ሲታዩ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ክፍል እንደደረሱ «ሂሞፊሊያ ሳይኖረው አይቀርም፣ ጭንቅላቱ ተመቷል» ብለው ይናገሩ፤ ወረፋ አይጠብቁ። በሽታው የተረጋገጠ ከሆነ ፋክተሩ የሚሰጠው ከሲቲ ስካን በፊት ነው። የሚጎድለው ፋክተር 8 ወይም 9 ነው፤ 8 ከሆነ በኪሎ 1 ዩኒት ሲሰጥ በደም ያለውን መጠን በ2 በመቶ ያህል ያሳድጋል። ለጭንቅላት ከ80 እስከ 100 በመቶ ስለሚፈለግ በኪሎ እስከ 50 ዩኒት፣ ለእርስዎ ልጅ እስከ 700 ዩኒት ይሰጣል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ስለሚያልቅ መደገም አለበት፤ «ተሻለው» ተብሎ ከአንድ መርፌ በኋላ ወደ ቤት አይመለስም።

ስለ ጉልበቱ ግን በዝምታ አላልፍም። ሁለት ሳምንት! ኢቡፕሮፌን ደህና ያልኳቸውን ፕላትሌቶች ያዳክማል፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክም እንደዚያው። ማሸት ደግሞ ሊረጋ የጀመረውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። ሁለቱንም ዛሬውኑ ያቁሙ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ ማለትም 210 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ ይስጡት፤ በቀን ከ4 ጊዜ አይለፍ። እግሩን ያሳርፉት፤ ማንም የጡንቻ መርፌ እንዳይወጋው። መገጣጠሚያ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚደማ ደም የአጥንቱን ሽፋን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማነከስ መድኃኒት አይመልሰውም።

ነገ ጠዋት ይዘውት ይሂዱ። የፕላትሌት ቆጠራ፣ እንዲሁም ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩት ፒቲ እና ኤፒቲቲ ይሠሩለት። ሂሞፊሊያ ከሆነ ሁለቱ ደህና ሆነው ኤፒቲቲ ብቻ ይረዝማል። ደሙ የሚቀዳበት ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ቱቦ እስከ ምልክቱ መሞላቱን ይመልከቱ፤ ከጎደለ ውጤቱ ያለ በሽታ ይረዝማል። ቀጥሎ ፋክተር 8 እና 9 ይለካሉ፦ ከ1 በመቶ በታች ከባድ፣ ከ1 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ እስከ 40 ቀላል ነው። ፋክተር 8 ካነሰ፣ እሱን በደም ውስጥ የሚጠብቀው የፎን ቪለብራንድ ፕሮቲን ምርመራም ይጨመርበት።

የትኛው ፋክተር እንደጎደለ ሳይታወቅ ሕክምናው ይሳሳታል። ፋክተሩ በማይገኝበት ቦታ ከተለገሰ ደም የሚዘጋጀው ክራዮ ለ8 ይረዳል፤ 9 ግን በውስጡ ስለሌለ ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) ነው የሚሰጠው። ከባድ ከሆነ ሳይደማ አስቀድሞ በቀጠሮ ፋክተር ይወስዳል። ለ8 ጉድለት ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኤሚሲዙማብ የሚባል መድኃኒትም አለ። በዚህ የሚታከሙ ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፣ ይሮጣሉ።

ከእርስዎ ነው ወይ? የወንድምዎን ታሪክ ስሰማ፣ አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም። ጥፋት ግን የለብዎትም፤ ጉድለቱን የሚሸከመው ኤክስ ክሮሞሶም ነው፤ ካሉዎት ሁለት ኤክሶች የትኛውን ለልጅዎ እንደሚያወርሱ መርጠው አይሰጡም። ወደፊት የሚወልዱት እያንዳንዱ ወንድ ልጅ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የእርስዎም ፋክተር ሊያንስ ስለሚችል ጥርስ ከመነቀልዎ ወይም ከመውለድዎ በፊት ይለካ፤ እህት ካለችዎትም እንደዚሁ።