ጅማ ላይ ጽጌረዳ ማድረቅ

ሰላም እህቴ። የእናትሽን ግቢ ጽጌረዳ አድርቀሽ ለእህትሽ ሰርግ ልታቆዪው ፈልገሽ፣ ቀዩ ጠቆረብኝ፣ ነጩ ሻገተብኝ ብለሻል። የቀለማቱንም ትርጉም ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ፤ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

የመጀመሪያዎቹን አበቦች ያበላሸሁት በሐምሌ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ፣ እሷ ከተከለችው የቆረጥኳቸው ነበሩ። ሙቀት አለው ብዬ ማድቤት ሰቀልኳቸው። የድስቱ እንፋሎት በሳምንቱ አሻገታቸው። በጣም አዘንኩ። የእኛ ከተማ ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ የታጠበ ጋቢ እንኳ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከቻልሽ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቁረጪ።

ስትቆርጪ ጠዋት ይሁን፤ ጤዛው ደርቆ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ግማሽ የተከፈተውን ምረጪ። ሙሉ በሙሉ የፈነዳው ሲደርቅ ይረግፋል። አረንጓዴ ቅጠሉን አራግፊ። አምስት ስድስት ዘንግ አንድ ላይ አድርገሽ እሰሪ፤ ከዚያ አይብዛ፣ መሃሉ ይታፈናል። በክር ሳይሆን በሚለጠጥ ላስቲክ እሰሪው። ዘንጉ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ከክር ይሾልካል፤ ላስቲክ ግን አብሮት ይጠባል። ከዚያ ጨለማ ሆኖ ነፋስ በሚገባበት ክፍል ዘቅዝቀሽ ስቀዪው። ፀሐይ ላይ አታድርጊው፤ ቀለሙን ትመጠዋለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ።

የተበተነውን የአበባ ቅጠል የማደርቀው ግን ከቡና በተማርኩት ነው። ቡና መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ አየር ከታችም ከላይም ያገኘዋል አይደል? በአናጢ ትንሽ የእንጨት ፍሬም አሠራሁ፤ ሽቦ ወንፊት ወጠርኩበት። ቅጠሉን ሳልደራርብ እበትነዋለሁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ በየቀኑ አገላብጠዋለሁ። በጣት ሲነካ ኮሽ ካለ ደርቋል። ወደ ብርጭቆ ማሰሮ ከትተሽ ክደኚና ሁለት ሦስት ቀን እዪው። ውስጡ ጤዛ ከያዘ ገና ነው፤ አውጥተሽ እንደገና አስጪው። ይህችን አትዝለያት፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቀዩ መጥቆሩ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ውሃው ሲወጣ ቀለሙ ይከማቻል፤ ደማቅ ቀይ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ደርቆ ቀይ እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ ጠቆር ያለ ሮዝ ቀለም ያለውን ቁረጪ። ቢጫ ቀለሙን ደህና አድርጎ ይይዛል። ነጭ ግን ክሬም ይሆናል፣ ጫፉም ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ስለ ትርጉሙ፦ ቀይ ፍቅር፣ ነጭ ንጽሕና፣ ሮዝ ምስጋናና አድናቆት፣ ቢጫ ወዳጅነት ይባላል። ይህ በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጣ ልማድ ነው፤ እዚያም ቢሆን ቢጫ ዱሮ የቅናት ምልክት ነበር። ስለዚህ እንደ ሕግ አትያዢው። በእኛ ኦርቶዶክሶች ዘንድ እመቤታችን በአበባ ትመሰላለች፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌም፣ በአበባው ወቅት፣ እሷ ትታሰባለች። የገዛ አገራችን ጽጌረዳ ቀጋ ደግሞ ነጭ ነው፤ ስለዚህ ነጭ ለእኔ የሰርግ ብቻ ሳይሆን የአገር ቀለም ነው።

ለእህትሽ ሰርግ እኔ ብሆን ሮዙንና ቢጫውን አድርቄ አቆያለሁ፤ ነጩን በዕለቱ ትኩሱን እቆርጣለሁ። እናትሽ የምትሳሳለት ቀዩ ከሆነ ግን ቢጠቁርም አትጣዪው። ነጭ ጥልፍ ጨርቅ ላይ አድርጊው፤ ጥቁረቱ እዚያ ላይ ያምራል።