የእናት ኩላሊት ለ9 ዓመት ልጅ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ሁለቱም ኩላሊቶቿ መሥራት አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ከአዳማ አዲስ አበባ እየተመላለስን የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ባለቤቴ «የኔን ስጧት» ብላ ቆርጣለች። እናቴ ግን «የትልቅ ሰው ኩላሊት እንዴት በልጅ ሆድ ይገባል? ሁለቱንም ልታሳጡኝ ነው፤ ትንሽ ትደግ» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። ምን ይሻለኛል?
አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ እጄ ሳላውቀው ወደ ጠባሳዬ ሄደ። የዛሬ ስድስት ዓመት ግራ ኩላሊቴን ለልጄ ሰጥቻለሁ። ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። እኛም የአዳማ ሰዎች ነን። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን፣ በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ያንን መንገድ ስንት ጊዜ እንደሄድነው ፈጣሪ ያውቃል።

እናትዎ የጠየቁትን እኔም ጠይቄ ነበር። ይገባል። አዲሱ ኩላሊት እንደ ድሮዎቹ ከጀርባ በኩል አይደለም የሚቀመጠው፤ ከፊት፣ ሆድ ውስጥ ነው። የድሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይተዋሉ። 10 ኪሎ ገደማ የሆነ ሕፃን እንኳ የአዋቂ ኩላሊት ሊቀበል ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ «ትደግ» የሚለው ነው። ኩላሊቱ የደከመ ልጅ እንደ እኩዮቹ አያድግም። የኔ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሱሪ ነው የለበሰው። ከንቅለ ተከላው በኋላ ግን ዩኒፎርሙ በመንፈቁ አጠረው።

ባለቤትዎ ስለቆረጡ ብቻ ግን ለጋሽ ይሆናሉ ማለት አይደለም። የደም ዓይነት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የራሳቸው የኩላሊት ጤንነት ይታያል። የልጅቷ ሰውነት የእናቷን ኩላሊት እንዳይዋጋው ክሮስማች የሚባል የደም ምርመራም አለ። እኛ ቤት መጀመሪያ የቆረጠው ባለቤቴ ነበር። ሲመረመር ሳያውቀው ስኳር ተገኘበት። እኔ እስክመረመር ወራት አለፉ። እባክዎ እርስዎም አብረው ይመርመሩ። ምርመራውን ያለፈ ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል። ቀዶ ጥገና ግን ቀዶ ጥገና ነው፤ እኔ ባልዲ ሳላነሳ ሳምንታት ቆይቻለሁ።

በአገራችን ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ለእናንተ ልጅ እዚህ ይሁን ውጭ የሚለውን የሚከታተላት የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም ይንገራችሁ። ያንን ሳትሰሙ ቤት እንዳትሸጡ። ስለ ክትባቷም ይጠይቁ። እንደ ኩፍኝ ያሉ ክትባቶች ካልተሟሉ መሟላት ያለባቸው ከንቅለ ተከላው በፊት ነው።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ መጀመሪያ ያልኩት «ሸና?» ነበር። ነርሷ የሽንት ከረጢቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። ቢጫ፣ ሙሉ። ሁለት ዓመት ውሃ በጠርሙስ ክዳን እየለካሁ ስሰጠው ለኖርኩት እናት ያ ፎቶ ምን እንደሆነ እርስዎ ይገባዎታል።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ አለ። የኔ ልጅ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ይውጣል፤ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ አይቋረጥም። ብዙ ቤተሰብ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለቀዶ ጥገናው ዘመድ አዝማድ ያዋጣል፤ የየወሩ መድኃኒት ግን የእናንተው ነው። ከአሁኑ ዋጋውን ጠይቁ። እኔ ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ይዣለሁ፤ ከፋርማሲ ጠፍቶ ስንከራተት የዋልኩበትን ቀን አልረሳውም። የተተከለው ኩላሊትም ዕድሜ አለው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ሊያስፈልጋት እንደሚችል ዛሬውኑ ማወቁ ይሻላል።

እናትዎን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ። ለእርስዎ እያለቀሱ የሚሉትን እሳቸው ራሳቸው ሐኪሙን ይጠይቁት። የኔ እናት ሐኪሙ ኩላሊቱ የሚቀመጥበትን በወረቀት ላይ ሥሎ ካሳያቸው በኋላ ነው ዝም ያሉት። ወረቀቷን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯት።