ስልጠናው አለቀ፣ ከዚያስ?

«በሕፃናት የአእምሮ ጤና የአምስት ቀን ስልጠና ወስደን ተመለስን፤ ጤና ጣቢያው ግን እንደነበረው ነው፤ ምን እናድርግ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ገጠር ነው። ኤምኤችጋፕን፣ ማለትም የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀውን የአእምሮ ጤና ሕክምና ፕሮግራም፣ ሰልጥኜ ስመለስ መመሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው እትም ለልጆችና ለወጣቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። እኔ ጋ ግን «ልጄ አእምሮውን አመመው» ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። የሚመጡት ለሳልና ለክትባት ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ጆሮው አይሰማም መሰለኝ፣ ስጠራው ዞር አይልም» አለችኝ። ፀበልም ወስዳው ነበር። የከረሜላ ወረቀት ከኋላው ሳንኮሻኩሽ ግን ወዲያው ዞረ። ጆሮው ይሰማል ማለት ነው፤ ኦቲዝም፣ ልጅ ከሰው ጋር መግባባት የሚከብድበትን የእድገት ችግር፣ ጠረጠርኩ። ለእናትየው ምን እንደምላት ግን ጨነቀኝ። ወጣ ብዬ ለአሰልጣኜ ደወልኩ። «መጀመሪያ እሷን እንቅልፍ ትተኚያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂያት» አለኝ። ጠየቅኳት፤ አለቀሰች። ለካ ጎረቤት እንዳያይባት ልጁን ቤት ቆልፋበት ነው ገበያ የምትወጣው።

ከዚያ ወዲህ አሰልጣኜ በየወሩ እየመጣ አብሮኝ ካርድ ያያል፣ የከበደኝን እንነጋገርበታለን። ቼክሊስት ሞልቶ የሚሄድ ሱፐርቫይዘር ይህን አይተካም። አምስቱ ቀን ሥራ ላይ የዋለው በእነዚህ ወራት ነው።

ከአምስት ዓመት በታች ክፍልና ክትባት ላይ ካሉት ጋር ተስማሚ። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? ከልጆች ጋር ይጫወታል? ሁለቱን ብቻ ይጠይቁ፤ ያሳሰባቸውን ወደ አንቺ ይላኩ። ጤና ኤክስቴንሽኖቹንም አትርሺ፣ የተደበቀ ልጅ የት ቤት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ለወላጆችም የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ስልጠና አለ፦ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት። እኛም አገር ተሞክሯል። ከልጅ ጋር በጨዋታና በቤት ውስጥ ሥራ፣ እጅ በማስታጠብም ሆነ ቡና ሲፈላ አጠገብ አስቀምጦ፣ እንዴት መግባባት እንደሚቻል ያሳያል። እኔ ያየኋቸው እናቶች ከትምህርቱ እኩል የጠቀማቸው እርስ በርስ መተያየታቸው ነው። ያቺ እናት «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ያለችው እዚያ ነው።

እነዚህን ልጆች የምታዪበት በወር ግማሽ ቀን ከኃላፊሽ ጠይቂ። ስትገቢ መዝገቡን ይዘሽ ግቢ፤ ስንት ልጅ እንደመጣ በዓይኑ ይይ። የገበያ ቀን ይሁን፣ እናቶቹ ከተማ የሚወጡት ያን ቀን ነው።