የማህበር አመራሮች ስልጠና፦ የትኛው በአካል፣ የትኛው በኦንላይን? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄዎቹ የመጡት ከእድር፣ ከአካባቢ ልማት ማህበር፣ ከወጣት በጎ ፈቃደኞች ክበብና በውጭ አገር ካሉ የኢትዮጵያውያን ማህበራት የሥራ አስፈፃሚ አባላት ነው። የሚመልሱት ለእንዲህ ዓይነት ማህበራት ስልጠና የሚያዘጋጁ አንድ አባል ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተጠቃለዋል።

ጥያቄ (የወጣቶች ማህበር ሰብሳቢ፣ ሐዋሳ)፦ አዲስ ለተመረጡ 18 የኮሚቴ አባላት የአመራር ስልጠና ልንሰጥ ነው። በጀታችን ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም በዙም ብንጨርሰውስ?

መልስ፦ ሁሉንም አትጨርሱት። መጀመሪያ የምታስተምሩትን ለሁለት ክፈሉት። ሰው ብቻውን አንብቦ ወይም አዳምጦ የሚገባው ነገር በኦንላይን ይሂድ፦ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ፣ የሪፖርት ቀነ ገደብ፣ የቃለ ጉባኤ አጻጻፍ። ሰው ፊት ካልሠሩት የማይለመደው ደግሞ በአካል ይሁን፦ ስብሰባ መምራት፣ የተቀያየሙ አባላትን ማነጋገር፣ ካዝና መቁጠር፣ ርክክብ። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሚያሰለጥኑ የቀይ መስቀል ማህበራትም በተለያዩ አገሮች ይህን መንገድ ይጠቀማሉ፤ ንድፈ ሐሳቡን ሰልጣኙ በኦንላይን ይጨርሳል፣ ደረት መጫኑን ግን አሻንጉሊት ላይ አሰልጣኝ እያየው ይሠራዋል።

ለ18 ሰው የሚበቃችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት የኦንላይን ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከ75 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ከዚያ አንድ ግማሽ ቀን በአካል ነው። ግማሽ ቀኑን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል አድርጉት። መሐል ላይ የ20 ደቂቃ ሻይ ይበቃል፤ ምሳ አያስፈልግም። የማህበር ገንዘብ የሚያልቀው በአሰልጣኝ ሳይሆን በአዳራሽና በምሳ ነው። አባላቱ እርስ በርስ ጨርሶ የማይተዋወቁ ከሆነ ብቻ የአካሉን ወደ መጀመሪያ አምጡት፤ ያልተዋወቀ ሰው ስክሪን ላይ አይከራከርም።

ጥያቄ፦ ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ይዘጋብናል። ዳታውም አልተቻለም።

መልስ፦ ልክ ነው፣ የዙም ነጻ አካውንት 40 ደቂቃ ነው። የጉግል ሚት ነጻው ከሦስት ሰው ጀምሮ 60 ደቂቃ ይሰጣል። ሁለቱም እስከ 100 ሰው ይይዛሉ። መቋረጡን ግን ተጠቀሙበት፦ 35 ደቂቃ ትምህርት፣ 10 ደቂቃ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የሚሠራው ሥራ፣ ከዚያ እንደገና መግባት። የቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ ውይይት ደግሞ እንዲህ ያለ የደቂቃ ገደብ የለበትም።

ዳታን በተመለከተ፣ ቪዲዮ የተከፈተበት የአንድ ሰዓት የቡድን ስብሰባ በቀላሉ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ይበላል። ድምፅ ብቻ ሲሆን ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። ስለዚህ ካሜራ ለሰላምታና ለትንንሽ ቡድን ውይይት ይከፈት፣ በቀረው ጊዜ ይዘጋ። ስላይዱንም ስክሪን ላይ ከምታጋሩ በዋዜማው በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፤ መብራት የጠፋበት ሰው እንኳ ስልኩ ላይ ገጹን እያየ ይከተላችኋል።

ጥያቄ (የልማት ማህበር ጸሐፊ)፦ ካሜራ ዘግተው ዝም ይላሉ። አሉ የሉም አይታወቅም። ምን ይደረግ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው። በኦንላይን አንድ ሰው ከ10 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ ካወራ ሰሚው ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በየ8 እና 10 ደቂቃው የሚሠራ ነገር ስጡ፤ የቴሌግራም ኩዊዝ፣ ቻት ላይ የሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ወይም ስም ጠርቶ መጠየቅ። ስም ስትጠሩ ጥያቄውን ከስሙ በፊት ተናገሩት፤ ስሙ ከቀደመ ሌላው ሁሉ እፎይ ብሎ ጆሮውን ይዘጋል። ለአንድ አሰልጣኝ ከ12 እስከ 16 ሰው ይበቃል።

ወደ ትንንሽ ክፍሎች ስትበትኗቸው አራት አራት አድርጉ፣ 8 ደቂቃ ስጡ፣ ሪፖርት አቅራቢውን ከመበተናቸው በፊት ሰይሙ፣ ጥያቄውንም ቻት ላይ ጻፉት። ሳይጻፍ የተላከ ቡድን የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ የሚያጠፋው «ምን ነበር ሥሩ የተባልነው?» በመባባል ነው።

ጥያቄ (የእድር ዳኛ፣ አዲስ አበባ)፦ ስብሰባ መምራትን በአካል ነው ያሉት። ምን እናድርግ? ንግግር ሰምተን መበተን ሰልችቶናል።

መልስ፦ ልምምዱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ፣ ከስልጠናው ሁሉ ዋጋ ያለው ይኸው ነው።

ዘጠኝ ሰው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ። ሰባቱ ይጫወታሉ፣ ሁለቱ ይታዘባሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በቁራጭ ወረቀት ሚና ይሰጣል፣ ለሌላው አይታይም። አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ጸሐፊ ነው። ከቀሩት አምስቱ አንዱ ከያዘ የማይለቅ ተናጋሪ፣ አንዱ ጉዳዩን የሚያውቅ ግን ካልጠየቁት የማይናገር፣ አንዱ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነውን እንደገና የሚያነሳ፣ አንዱ ዘግይቶ ገብቶ ከመጀመሪያው ይነገረኝ የሚል፣ አንዱ መካከለኛ ሐሳብ የሚያቀርብ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፦ ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ወደ 100 ብር ይደግ ወይስ አይደግ? 20 ደቂቃ ይሰጣቸው። ከዚያ 15 ደቂቃ አስተያየት፣ ቀጥሎ ሰብሳቢው ይቀየርና እንደገና። በግማሽ ቀን ሦስት ዙር ይደርሳል።

ታዛቢዎቹ የስም ዝርዝር ይዘው አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር ከስሙ አጠገብ ጭረት ያኑሩ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ለሁሉም ያሳዩ፤ ሁለት ሰው ሙሉ መስመር ጭረት ይዞ ሌላው ባዶ ሲሆን አሰልጣኙ ምንም መናገር አያስፈልገውም።

የሚደጋገሙት ስህተቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሰብሳቢው «እኔ እንኳ ቢጨመር ባይ ነኝ» ብሎ ይከፍታል። በተለይ ሰብሳቢው በዕድሜ አባት ከሆኑ ከዚያ ወዲያ ወጣቱ «እንደተባለው» ከማለት አያልፍም። ሰብሳቢ ሐሳቡን መጨረሻ ይናገር፤ ይህን ደንብ አድርጉት። ሁለተኛ፣ «ተስማምተናል አይደል?» ተብሎ ይዘጋል። ዝምታ ድምፅ አይደለም፤ የሚደግፍ፣ የሚቃወም፣ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ እጅ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው «ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል» ብሎ ይጽፍና ውሳኔው ራሱ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም። ወደ ሌላ አጀንዳ ከመሄዳቸው በፊት ሰብሳቢው የውሳኔውን ቃል ይናገር፣ ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ምን ተወሰነ፣ ስንት ለስንት፣ ማን ይፈጽመዋል፣ እስከ መቼ።

ይህን በዙም የማልመክርበት ምክንያት ተናጋሪውን በአንድ ቁልፍ ድምፁን መዝጋት ስለሚቻል ነው። አዳራሽ ውስጥ ያ ቁልፍ የለም።

ጥያቄ (ገንዘብ ያዥ)፦ የሒሳቡንስ በኦንላይን መማር አይቻልም?

መልስ፦ የመዝገብ አያያዙ ይቻላል፣ እንዲያውም ይሻላል፤ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይሞላል፣ እናንተም አንድ በአንድ ታርማላችሁ። የካዝና ቆጠራው ግን በእጅ ይሁን። በፖስታ የወረቀት ብሮችና አምስት ደረሰኞች ስጧቸው። መነሻው 3,000 ብር፣ የደረሰኞቹ ድምር 1,870 ብር፣ ፖስታው ውስጥ ያለው 980 ብር ይሁን። መኖር የነበረበት 1,130 ስለሆነ 150 ብር ጎድሏል። ስለ ጉድለቱ አስቀድማችሁ አትንገሯቸው።

አንዱ «ከኪሴ ልሙላውና ይለፍ» ይላል፣ ሌላው ለ150 ብር የታክሲ ብሎ ወረቀት ይጽፋል። ሁለቱም ጉድለቱን ደብቀውታል፤ በሚቀጥለው ወር ሲደገም ከየት እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። ትክክለኛው የቆጠራ ቅጹ ላይ ጉድለቱን እንዳለ መጻፍ፣ ቆጣሪውና አስቆጣሪው መፈረም፣ ለሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ማቅረብ ነው። ከአምስቱ ደረሰኞች አንዱን ቀን የሌለው ብታደርጉት ደግሞ ማን ደረሰኝ አገላብጦ እንደሚያይ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ግማሹ አዳራሽ፣ ግማሹ ኦንላይን ብናደርገውስ?

መልስ፦ ከሦስቱ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ካልተገደዳችሁ ተዉት። አዳራሹ ሲስቅ ስክሪኑ ላይ ያለው በምን እንደተሳቀ አያውቅም። ከተገደዳችሁ አዳራሽ ውስጥ አንድ መሣሪያ ብቻ ይግባ፣ ሌሎች ስልኮች ከስብሰባው ይውጡ፤ ድምፁ እየተመላለሰ የሚያስተጋባው ሁለት ማይክ ባንድ ክፍል ሲከፈት ነው። ማይኩ ከተናጋሪው ከአንድ ሜትር እንዳይርቅ። አንድ ሰው ደግሞ ሥራው ስክሪኑን መጠበቅ ብቻ ይሁንና ለሩቆቹ እጅ ያውጣላቸው።

ጥያቄ፦ የእድራችን አባቶች ስማርት ስልክ አይጠቀሙም።

መልስ፦ አታስገድዷቸው። አምስት ስድስት ሆነው አንድ ቤት ይሰብሰቡ፣ አንድ ወጣት አንድ ስልክና ድምፅ ማጉያ ይዞ አብሯቸው ይቀመጥ። የትምህርቱን ቀረጻ ያሰማቸውና በየ10 ደቂቃው እያቆመ ያወያያቸው። ቡናው ሲቀርብ ደግሞ ውይይቱ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ አበል ከሌለ ሰው አይመጣም። አበል ካለ ደግሞ ለአበሉ ብቻ ይመጣል።

መልስ፦ የስብሰባ አበል አትክፈሉ፤ የትራንስፖርት ትክክለኛ ወጪ ብቻ፣ ስልጠናው ሲያልቅ፣ በቴሌብር ይተካ። ምስክር ወረቀቱንም በመገኘት ሳይሆን ሥራ በማስገባት አድርጉት፤ አንድ የራሱ ቃለ ጉባኤና አንድ የተሞላ የቆጠራ ቅጽ። ሕጋዊ ሰውነት ያላችሁ ድርጅቶች በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ማለፍ እንደሌለበት አትርሱ፤ የስልጠናው ወጪ በየትኛው ርዕስ እንደሚመዘገብ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ጨርሱ።

ጥያቄ (የማህበር ቦርድ አባል፣ ዋሺንግተን አካባቢ)፦ እኛ እዚህ፣ አጋር ኮሚቴው አዲስ አበባ ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ ይምታታል።

መልስ፦ አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በእናንተ በሰመር (ከማርች እስከ ኖቬምበር) 11 ኤኤም፣ በዊንተር 10 ኤኤም ነው። የእናንተ ሰዓት በማርችና በኖቬምበር ይቀየራል፣ የአዲስ አበባው አይቀየርም፤ በእነዚያ ሳምንታት ነው ግማሹ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚገባው። ማስታወቂያው ላይ «12 ሰዓት» ብቻ ከጻፋችሁ እናንተ ዘንድ ቀትር ተብሎ ይነበባል። «በኢትዮጵያ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ 18:00» ብላችሁ የእናንተንም አጠገቡ ጻፉ። ቅዳሜ ይሻላል፤ እሑድ 10 ኤኤም ብዙው ምዕመን ቤተ ክርስቲያን ነው።

ለቦርዱ ብቻ አንድ የኦንላይን ክፍለ ጊዜ ለአገሩ ሕግ መድቡ። ዓመታዊ ገቢያቸው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ አብዛኞቹ 501(ሲ)(3) ማህበራት (በአሜሪካ ሕግ ከግብር ነጻ የሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች) ለግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያስገቡት ፎርም 990-ኤን በኦንላይን የሚሞላ አጭር ቅጽ ነው። የሒሳብ ዓመታችሁ በዲሴምበር የሚዘጋ ከሆነ ቀኑ ሜይ 15 ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልገባ የግብር ነጻነቱ በራሱ ይሰረዛል። ይህ የሚሆነው ቦርድ ሲቀያየር «የቀድሞዎቹ ያስገቡታል» ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ቅጹን የሚያስገባው ሰው ስም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ጥያቄ (የሴቶች ክፍል ተጠሪ)፦ በአካል ሲሆን ልጅ ይዞ መምጣት፣ በኦንላይን ሲሆን ቤት ውስጥ መቶ ሥራ። ሁለቱም ለእኛ አልሆነም።

መልስ፦ ለአካሉ፣ አዳራሹ ጎን አንድ ክፍልና ሁለት ልጅ ጠባቂ በጎ ፈቃደኞች መድቡ፤ ይህ በጀት ላይ ካልተጻፈ አይደረግም። ለኦንላይኑ፣ ትምህርቱን በ10 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ቆራርጣችሁ ልቀቁት፣ ሥራው በ48 ሰዓት ውስጥ ይግባ፣ የቀጥታ ውይይቱ ግን 30 ደቂቃ ብቻ ይሁን። ሰዓቱን ራሳቸው ሴቶቹ ይምረጡት።

ጥያቄ፦ የተዘጋጀ ነጻ ኮርስ አለ?

መልስ፦ የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማህበራት ፌዴሬሽን የኦንላይን ትምህርት መድረክ ነጻ ነው፣ መመዝገብ ብቻ ይጠይቃል። እንግሊዝኛው የማያስቸግራቸው አባላት ይውሰዱትና ለሌሎቹ በአማርኛ ያቅርቡ፤ ማቅረቡ ራሱ ልምምድ ነው።

ጥያቄ፦ ስልጠናው መሥራቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ «በጣም ጥሩ ነበር» ከሚለው መጠይቅ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃለ ጉባኤዎችና የካዝና ቆጠራ ቅጾች አውጥታችሁ እዩ። ፈጻሚና ቀን የሌለው ውሳኔ ካለ ያንን ክፍል እንደገና ስጡ።

ጥያቄ፦ የቀድሞው ሰብሳቢ ማህተሙን አስረክቧል፣ የቴሌግራም ግሩፑ ግን አሁንም በእሱ ስም ነው። ይህም ስልጠና ውስጥ ይግባ?

መልስ፦ ይግባ። የርክክብ ቅጹ ላይ ከማህተም፣ ከቼክ ደብተርና ተከታታይ ቁጥራቸው ከተጻፈ የደረሰኝ ጥራዞች በታች ግሩፑ፣ ኢሜይሉና የዙም አካውንቱ ይጨመሩ። የቴሌግራም ባለቤትነትን ለማስተላለፍ የሚያስረክበው ሰው ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ሊሞላው፣ በዚያ ስልክ ከገባም ከ24 ሰዓት በላይ ሊሆነው ይገባል። የርክክቡ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ሊደረግ ሲሞከር እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ለቀድሞው ሰብሳቢ ዛሬውኑ ደውሉና የይለፍ ቃሉን ያብራ፤ አዲሱ ሰብሳቢ አድሚን ይደረግ፣ በስምንተኛው ቀን ባለቤትነቱ ይተላለፍ።