«ወጣሁ» ወይስ «ወጥቻለሁ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የፍተሻ መኪና እነዳለሁ። ማኮብኮቢያውን አይቼ ስጨርስ ለመቆጣጠሪያ ማማው በሬዲዮ «ወጣሁ» እላለሁ። አለቃዬ «ወጥቻለሁ በል» እያለ ይቆጣኛል። ለመሆኑ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ አለቃዎ ልክ ነው። «ወጣሁ ኃላፊ ጊዜ ነው፣ ያለቀ ነገር ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ። የግስ እርባታ ሰንጠረዥ ላይ እውነት ነው። አፋችን ላይ ግን አይደለም። ስልክ ተደውሎልን ገና ጫማ ሳናስር «መጣሁ፣ መጣሁ!» እንላለን። ከወንበር ሳንነሳ «በቃ ወጣሁ» እንላለን። ሁለቱ ግሶች በግዕዝ «መጽአ» እና «ወፅአ» ነበሩ፤ አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ። አማርኛ ሁለቱንም ወደ ጠ አመጣቸው፣ የመጨረሻዋን አ ጣለ። ዛሬ ጠባያቸውም አንድ ነው። ያሰብነውን እንደ ሠራነው ያስቆጥሩናል።

«ወጥቻለሁ» ግን «ወጥቼ» እና «አለሁ» ነው። የወደቀችው አ ቦታ ላይ ት ገባች፤ እሷም በ«እኔ» ጊዜ ወደ ቸ ዞረች። «አለሁ» የግዕዙ «ሀሎ» ዘር ነው፣ መኖርን ይናገራል። ወጥቼ፣ አሁን ውጭ አለሁ ማለት ነው። የማማው ተቆጣጣሪ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በዓለም አቀፉ አሠራርም መኪናው ከነጭራው ማኮብኮቢያው ዳር ካለው የመቆያ መስመር ሳያልፍ «ለቅቄያለሁ» አይባልም።

ይህ ቃል መሰንጠቅ አይደለም። በ1977 (እ.ኤ.አ.) በስፔን ደሴት ቴነሪፍ ላይ አንድ ረዳት አብራሪ በሬዲዮ የተናገረው ነገር «መነሻው ላይ ነን» ተብሎም፣ «እየተነሳን ነው» ተብሎም ሊሰማ ይችል ነበር። ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ተረዳ። አውሮፕላኑ ግን እየሮጠ ነበር፤ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 583 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ «መነሳት» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደረገ።

«ወጣሁ» በብዙ ሰው አፍ «ወጥቻለሁ»ን መተካት ጀምሯል። ሌላ ቦታ ይሁን፣ እሺ። ሬዲዮ ላይ ግን አልቀበለውም።

በነገራችን ላይ «ማኮብኮቢያ» የሚለውን ቃል አልወደውም። ማኮብኮብ ወፍ ለመብረር ስትሰናዳ ነው፤ የሚያርፈውን ይረሳል። እኔ «መንደርደሪያ» ይሻለኛል። መንደርደርም ያው ለመነሳት አይደለም ወይ ቢሉኝ መልስ የለኝም፤ ለጆሮዬ ግን ይጥመኛል። ሰዉ «ማኮብኮቢያ»ን መርጧል። እኔም ሳልወድ በእሱው የምጽፍበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም።