የቼዝ ጥያቄና መልስ፦ በሬቲንግ የሚበልጠን ተጋጣሚ ሲደርሰን

ጥያቄ፦ ሬቲንጌ (የጥንካሬ መለኪያ ነጥቤ) 1650 ነው። የውድድር የመጀመሪያ ዙር ላይ ሁልጊዜ 2050 አካባቢ ያለው ይደርሰኛል። አቻ ለመውጣት ብዬ ንግሥቶቹንም ሌሎቹንም ጠጠሮች ቶሎ ቶሎ እለዋወጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ግን እሸነፋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዕድልዎ ጠምሞ አይደለም። በውድድሮች ተጋጣሚ የሚመድበው የስዊስ ድልድል በመጀመሪያው ዙር ተጫዋቾቹን በሬቲንግ ደርድሮ ለሁለት ይከፍልና የላይኛውን ግማሽ ከታችኛው ያጋጥማል፤ 60 ሰው ካለ 1ኛው ከ31ኛው ጋር ይቀመጣል።

ጥፋቱ ልውውጡ ላይ ነው። ሰሌዳው በሳሳ ቁጥር ብልጫው ጎልቶ ይወጣል። የፈረንሳይ መከላከያን እንይ፦ ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ6፤ ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ዲ5። እዚህ ላይ ነጭ «ጨዋታው ይቅለል» ብሎ ዲ5ን ሲበላ ጥቁር በኢ6 ወታደሩ መልሶ ይበላል፤ ሲ8 ላይ ታፍኖ የነበረው ጳጳስም መንገዱ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። የተጋጣሚን ዋና ችግር በነፃ መፍታት ይሏል ይሄ ነው! ከመብላትዎ በፊት ከልውውጡ በኋላ የማን ጠጠር እንደሚሻሻል ይዩ። የእሱ ከሆነ ይተዉት።

ግንብ ከግንብና ከአንድ ወታደር ጋር ከቀረዎት የፊሊዶርን አቋም (አቻ የሚያስገኝ የታወቀ መከላከያ) ይያዙ። የነጭ ወታደር ኢ5 ላይ፣ የእርስዎ ንጉሥ ኢ8 ላይ ከሆነ ግንብዎን ኤ6 ላይ አቁመው የነጭ ንጉሥ ወደ ስድስተኛው ረድፍ እንዳያልፍ ይዝጉ። ወታደሩ ኢ6 ሲረግጥ ግንቡን ወዲያው ወደ ኤ1 ያውርዱና ከኋላ ቼክ ይበሉ፤ ንጉሡ የሚደበቅበት የለውም። ብዙዎች የሚሸነፉት ወታደሩ ሳይገፋ ቀድመው ስለሚወርዱ ነው።

አቻ ሲጠይቁ መጀመሪያ ይጫወቱ፣ ከዚያ ይጠይቁ፣ ከዚያ ሰዓቱን ይጫኑ። ደጋግሞ መጠየቅ ዳኛ ያስጠራል።

ጥያቄ፦ ብሸነፍስ ስንት ነጥብ አጣለሁ?

መልስ፦ በፊዴ (ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ስሌት በ400 ነጥብ የሚያንስ ተጫዋች ድል 1፣ አቻ 0.5 ሆኖ ሲቆጠር የሚጠበቅበት ውጤት 0.08 ብቻ ነው። ዕድሜዎ ከ18 በላይ ሆኖ 30 ጨዋታ ካስመዘገቡ ማባዣዎ (በተገኘውና በተጠበቀው ውጤት መካከል ያለው ልዩነት የሚባዛበት ቁጥር) 20 ነው፤ ሽንፈት 1.6 ይቀንስብዎታል፣ አቻ 8.4፣ ድል 18.4 ይጨምርልዎታል። ማባዣው ከእርስዎ እኩል ከሆነ ተጋጣሚዎም በአቻው 8.4 ይጥላል፤ ስለዚህ ቦታው አቻ ቢመስልም ቶሎ እሺ ይላል ብለው አይጠብቁ።