በነሐሴ የገጠመ ክዳን በጥር ለምን እምቢ አለ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው ያደግኩት አሁንም እዛው ነኝ። አባቴ አናጢ ነበር፣ እኔ ሥራዬ ሌላ ነው ግን ማታ ማታና እሁድ እንጨት እሠራለሁ፣ ትንሽ የእንጨት ቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ ክብ የሚያስቀርፅ ማሽን) አለችኝ። ለእናቴ የዕጣን ማስቀመጫ የምትሆን ክብ ሙዳይ ከወይራ ሠራሁላት፣ ነሐሴ ላይ ነው የጨረስኳት፣ ክዳኗ ሲከፈት ጧ የሚል ድምፅ ነበራት፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሲከፍት ሲዘጋ ነው የዋለው። ጥር ላይ እናቴ "ና እስቲ ይሄ ነገር አልገባ አለኝ" ብላ ጠራችኝ። እውነትም አይገባም! ግን እያዞርኩ ስሞክረው አንድ ቦታ ሲደርስ ቁጭ አለ፣ ከዛ ትንሽ ላዞረው ስል ደግሞ ጥርቅም ብሎ ያዘ። በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው ብዬ ነበር ግን ፈራሁ። ምን ሆኖ ነው? ሁለተኛ ስሠራስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳንም ፈራህ። ፍቀኸው ቢሆን ኖሮ አሁን ይገባልሃል፣ ሐምሌ ሲመጣ ግን ክዳኑ ላልቶ ይንሸራተታል፣ የተፋቀ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም።

የሆነውን አንተ ራስህ ነግረኸኛል እኮ፣ "አንድ ቦታ ሲደርስ ቁጭ አለ" ስትል መልሱ እዛ ውስጥ አለ። ካሊፐር (የውፍረትና የስፋት መለኪያ) ካለህ የሙዳዩን አንገት (ክዳኑ የሚገባበትን ወንዴውን ማለቴ ነው) በአንድ በኩል ለካው፣ ከዛ ሩብ ዙር አዙረህ እንደገና ለካው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይሆኑም። ነሐሴ ላይ ድፍን ክብ ነበረ፣ አሁን ትንሽ እንደ እንቁላል ሞልሟል። ክዳኑም እንደዛው ሞልሟል። ሁለቱ የሞለሞሉበት አቅጣጫ ሲገጣጠም ይገባል፣ ሳይገጣጠም ይይዛል፣ ግማሽ ዙር ብታዞረውም ምናልባት ተመልሶ ይገባልሃል፣ ሞክረው።

ለምን ሞለሞለ? እንጨትን እንደ ችቦ አስበው። የመስቀል ችቦ ታስሮ ሲደርቅ ቁመቱ አያጥርም አይደል፣ ወገቡ ነው የሚቀጥነው ማሰሪያው የሚላላው። እንጨትም ቃጫዎቹ እንደዛ ጎን ለጎን የታሰሩ ናቸው፣ ውሃው ሲወጣ በቁመት ምንም ያህል አይቀንስም፣ በጎን ነው የሚሰበሰበው። ዋናው ነገር ደግሞ በጎን የሚሰበሰበው በሁሉም በኩል እኩል አለመሆኑ ነው፣ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚሰበሰበው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚሰበሰበው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። 50 ሚሊ ስፋት ያለው አንገት የእንጨቱ እርጥበት በ4 ከመቶ ቢወርድ በአንዱ በኩል ግማሽ ሚሊ ያህል፣ በሌላው በኩል የዛን ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለወንበር ይሄ ምንም አይደለም፣ ጧ ብሎ ለሚከፈት ክዳን ግን የፀጉር ውፍረት ያህል ልዩነት በቂው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይሄ ነገር ጎልቶ ይታያል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብና ጉም ነው፣ ልብስ እንኳን ተሰጥቶ አይደርቅም፣ ኅዳር ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ፀሐዩና ደረቁ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። እንጨቱም ያንን ሁሉ ይጠጣል መልሶም ይተፋል። ወይራ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ድፍን ያለ ከባድ እንጨት ስለሆነ ከላይ ደርቆ ሆዱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ ስታየው ደርቋል ትላለህ ገና ነው።

አሁን ላለችው ሙዳይ እንዲህ አድርግ። ክዳኑ የሚገባበትን ቦታ ፈልግና ከላይ የክዳኑ የእንጨት መስመር ከታችኛው ጋር ይቀጥል አይቀጥል ተመልከት። ከአንድ ቁራጭ ከሆነ የሠራሃቸው ይቀጥላል። እንግዲያው ለእናትህ "እማ መስመሩን አገናኝተሽ ክደኚው" በላት፣ ከውስጥ በኩል በእርሳስ ትንሽ ምልክት ብታደርግላትም ጥሩ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በጋና ክረምት ይለፍባት። ከዛ በኋላም ከያዘ ክዳኑን ገጥመህ ትንሽ አወዛውዘህ አውጣው፣ የሚፋጨው ቦታ ያብለጨልጫል፣ እሱን ብቻ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ። ዙሪያውን እንዳትፍቅ!

ሁለተኛ ስትሠራ ግን ነገሩ ከመጀመሪያው ነው የሚያዘው። እኔ ይሄን የተማርኩት ለእህቴ ሠርግ ከዝግባ የሠራሁት ሙዳይ ክረምት ላይ አልከፈት ብሎ በቢላ ጫፍ ሲፈለቅቁት ከንፈሩ ተቦጭቆ ሳየው ነው፣ እስካሁን እሷ ቤት ቡፌ ላይ አለ፣ በሄድኩ ቁጥር ያቺ የተቦጨቀች ቦታ ናት መጀመሪያ የምትታየኝ። የዛኔ ጠዋት ጀምሬ ማታ ነበር የጨረስኩት። ክዳን ያለው ነገር በአንድ ቀን አይሠራም፣ በቃ። ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው።

የመጀመሪያው ዙር ሻካራው ነው። 70 በ70 ሚሊ የሆነ 12 ሳንቲም ቁመት ያለው ቁራጭ ያዝ፣ ቃጫው በቁመቱ ይሂድ፣ የእንጨቱ ልብ (መሃሉ) በውስጡ እንዳይኖር ምክንያቱም ልብ ያለው ቁራጭ መሰንጠቁ አይቀርም። በሁለት ጫፍ ይዘህ ክብ አድርገው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቸኩ (ቁራጩን የሚይዘው የቶርኖው መንጋጋ) የሚጨብጠው አጭር እግር አውጣለት። ከዛ ክዳኑን ከሲሶው ላይ በቀጭኑ መቁረጫ ቁረጠው፣ መቁረጫህ በቀጠነ ቁጥር የሚባክነው እንጨት ያንሳል የላይና የታቹ መስመርም ሳይቋረጥ ይገናኛል። ሁለቱንም ውስጣቸውን አውጣ ግን ግድግዳቸውን ወፍራም አድርገህ፣ 12 ሚሊ ያህል ተው። ጫፎቹ ላይ ሰም ቀባ፣ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተህ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጠው። ስንት ጊዜ አትበለኝ፣ ሚዛን ይነግርሃል፣ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ በየሳምንቱ እየመዘንክ ከረጢቱ ላይ ጻፍ፣ ለሦስት አራት ሳምንት ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ደርቋል። ወይራ ከሆነ ወራት ይፈጅብሃል፣ ታገስ።

ሁለተኛው ዙር ላይ መጀመሪያ ክዳኑን ጨርስ። የክዳኑ አፍ ከውስጥ በኩል ግድግዳው ቀጥ ማለት አለበት፣ ወደ ውስጥ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ክዳኑ ወይ አይገባም ወይ ከንፈሩ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በካሊፐሩ አፉ ላይም ጥልቁ ላይም ለካው። ከዛ ወደ ታችኛው ሂድና አንገቱን ስታወጣ መጀመሪያ ሾጠጥ አድርገው፣ ጫፉ ብቻ ክዳኑ አፍ ውስጥ እንዲገባ። እዚህ ጋር ነው ሥራው ያለው። ቶርኖውን አጥፍተህ ክዳኑን በእጅህ ጫፉ ላይ ጫን አድርገህ ትንሽ አሸት አሸት አርገው፣ አውጣውና እይ፣ አንገቱ ላይ እንደ ክር የቀጠነች የምታብለጨልጭ ቀለበት ታገኛለህ። ያቺ ቀለበት ናት ልክህ። ከሷ ጀምረህ ወደ ታች አንገቱን ቀጥ አድርገህ አውጣ፣ ከሷ ልክ በታች ግን እንዳታቀጥነው፣ በየግማሽ ሚሊው እያቆምክ ክዳኑን ሞክር። ጠበቅ ብሎ ሲገባ ተወው፣ መስመሩን አገናኝተህ ክደነውና እንደተከደነ የውጩን ቅርፅ ላዩንም ታቹንም አንድ ላይ ጨርስ፣ እንደዛ ሲሠራ ነው መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ የማይታወቀው። ከዛ ክዳኑን አውጥተህ የታችኛውን ሆድ አውጣ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየሳብክ፣ ከዳር ወደ መሃል ከሄድክ ቃጫው እየተነሳ ይሻክርብሃል። ግድግዳው 5 ወይም 6 ሚሊ ሲቀር ይበቃል። አንገቱን የማላላት ሥራ የመጨረሻ ነው፣ ሆዱ ሲወጣ እንጨቱ ትንሽ ይነቃነቃልና ቀድመህ ካላላኸው ኋላ ይሰፋብሃል።

ጧ የምትለዋን ድምፅ ስለወደዳችኋት አንድ ነገር ልጨምር። ድምፁ የሚመጣው አንገቱ ረዘም ብሎ አየር ሲይዝ ነው፣ ግን የዕጣን ሙዳይ የሚከፈተው ቡና እየተፈላ በአንድ እጅ ነው፣ ሌላው እጅ ጀበና ይዟል። ለእናትህ ከሆነ አንገቱን 4 ሚሊ ብቻ አድርገውና ክዳኑ በራሱ ክብደት ቁጭ ይበል፣ ለእሷ የሚሻላት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ብረት ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ በኛው ማሽን እንጨት መሥራት ይቻላል ወይ? መሮውንስ ከድሮ ሞረድ ሞርጄ ብሠራው?

መልስ፦ ይቻላል፣ እንዲያውም ክዳንና አንገት ለመግጠም የብረት ቶርኖ ጥሩ ነው፣ መቁረጫው በመሪ ስለሚሄድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለ ድካም ታገኛለህ። ጣጣው ሰጋቱራው ነው። ሰጋቱራ ከማሽኑ ዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሊጥ ሆኖ መንሸራተቻው ላይ ይጋገራል፣ እርጥበትም ይስባል፣ በማግሥቱ ዝገት ታገኛለህ። መንሸራተቻውን ዘይቱን ጠርገህ በጨርቅ ወይ በላስቲክ ሸፍነው፣ ሸፋኑ ግን ከሚዞረው ነገር ራቅ ብሎ በደንብ ይታሰር፣ ስትጨርስ አጽድተህ አዲስ ዘይት ቀባ፣ ባለቤቱንም አስፈቅድ። መቁረጫህ ለብረት ከምትሞርደው የበለጠ ስል መሆን አለበት፣ እንጨት በደነዘዘ ነገር አይቆረጥም ይቀደዳል እንጂ።

ሞረዱን ተወው፣ እባክህ። ሞረድ ጠንካራ ነው ግን እንደ ብርጭቆ ነው፣ እንጨቱ ላይ ድንገት ከያዘ ለሁለት ይሰበርና ስባሪው ወደ ፊትህ ይመጣል። ምናለሽ ተራ ወርደህ የመኪና ባሌስትራ ግዛ፣ እሱ ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ጓንት አታድርግ፣ እጅጌህን ሰብስብ፣ የፊት መከላከያ አድርግ፣ 60 ሚሊ ለሚሆን ቁራጭ በደቂቃ ከ1000 ዙር ጀምረህ ሚዛኑን ከጠበቀ ወደ 1500 ከፍ በል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ መሮውን አርቅ ቀጥሎ ማብሪያውን አጥፋ፣ ብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች መብራቱ ሲመለስ በራሳቸው ነው የሚነሱት፣ አንተ ጎንበስ ብለህ እየለካህ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ነው የምጽፈው። ወንድሜ የእንጨት ሙዳይ ሠርቶልኝ ያልተቀባ ነው፣ ቤት ያለውን የኑግ ዘይት ብቀባው ምን ይላል? ውስጡንስ?

መልስ፦ እህቴ ኑግ ይደርቃል ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ለሳምንታት እጅ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግርሻል አቧራም ይይዛል። ለውጩ የተልባ ዘይት ይሻላል፣ በጣም ስስ አድርገሽ በጨርቅ ቀቢው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀረውን በደንብ ጥረጊው፣ ጥቂት ቀን ቆይተሽ ሲደርቅ ድገሚው፣ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ሲደርቅ ትንሽ የማር ሰም በንጹሕ ጨርቅ እሺው፣ እንጨቱ ያኔ ነው ቀለሙ የሚወጣው። ውስጡን ግን በዘይት እንዳትነኪው፣ ክዳኑ ሲዘጋ አየር ስለማያገኝ ሽታው ለወራት አይለቅም፣ የምታስቀምጪበት ነገር ሁሉ ዘይት ዘይት ይላል። ወይ ባዶውን ተይው ወይ ወንድምሽ ጎማላካ (እንጨት የሚቀባ ሙጫ) በአልኮል አሟሙቶ ስስ አድርጎ ይቀባልሽ፣ እሱ ቶሎ ይደርቃል ሽታውም ይጠፋል። አንገቱ ላይ ምንም አትቀቢ፣ ቀለም ሲጨመርበት ይጠብቃል።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጠሽ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥይው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት በራሱ ሊነድ ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሪው ወይም ዘርግተሽ ደጅ አስጪው፣ ድርቅ ብሎ እንደ ካርቶን ሲሆን ያኔ ጣይው።